ምቱ ይመጣል፣ የየትኛው ሰከንድ እንደሆነ ግን አይናገርም፦ በራስፕቤሪ ፓይ የሠራሁት የሰዓት ሰርቨር

ከአንድ ራስፕቤሪ ፓይ 4 (በመዳፍ የምትያዝ ትንሽ ኮምፒውተር)፣ ከአንድ የጂፒኤስ ሞጁልና ጣሪያ ላይ ከወጣ አንቴና ለቢሮ ኔትወርክ የሚሆን የሰዓት ሰርቨር ሠርቻለሁ። ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሰዓቱን ከሳተላይት ተቀብሎ ለማሽኖቹ ሁሉ ያድላል። ስጀምር አስቸጋሪው ነገር ማይክሮ ሰከንዱ ይመስለኝ ነበር። አይደለም፤ ማይክሮ ሰከንድ ርካሽ ነው። የሚያደክመው "ይህ ሰከንድ የቱ ነው?" የሚለው ጥያቄ ነው።

ሰዓቱ የተዛባ ማሽን "ሰዓቴ ተዛብቷል" ብሎ አይናገርም፤ ሌላ በሽታ መስሎ ነው የሚመጣው። በዊንዶውስ ዶሜይን (ከአንድ ማዕከል በሚተዳደር የኮምፒውተሮች ስብስብ) ውስጥ ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት ካለ ማንነት አረጋጋጩ ከርቤሮስ በነባሪው ቅንብር ሰውን አያስገባም። በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየረው የስልክ የመግቢያ ኮድ "የተሳሳተ" ይባላል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ወደ 1970 የወረደ ማሽን ደግሞ ደህናውን ሰርተፍኬት "ገና አልጸናም" ብሎ ይመልሳል። የሁለት ሰርቨሮችን ሎግ (የክስተት መዝገብ) ጎን ለጎን አድርጎ የትኛው ቀድሞ እንደወደቀ ማወቅም አይቻልም።

የጂፒኤስ ሳተላይት በ20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚዞር የአቶም ሰዓት ማለት ነው። እዚያ ላይ ያለ ሰዓት፣ በስበትና በፍጥነት ልዩነት ምክንያት፣ ምድር ላይ ካለው በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይቀድማል፤ ስለዚህ ከመምጠቁ በፊት ሆን ተብሎ በዚያው ልክ እንዲዘገይ ይደረጋል። 38 ማይክሮ ሰከንድ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ብርሃን በአንድ ናኖ ሰከንድ 30 ሴንቲ ሜትር ስለሚሄድ፣ ባይስተካከል ስህተቱ በቀን ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ይሆናል። ሲግናሉ በ1575.42 ሜጋ ኸርዝ ነው የሚመጣው፤ መሬት ሲደርስ ከተቀባዩ ከራሱ የሙቀት ጫጫታ በታች ደክሟል። ይህን ድካም ማስታወስ አንቴና ሲሰቀል ይጠቅማል።

መጀመሪያ ስለ ሞጁሉ። በብዛት የሚሸጠው ርካሹ ኒዮ-6ኤም ይበቃል፤ ግን 4 ፒን ብቻ ያለውን አትግዙ። ኃይል፣ ግራውንድ፣ መላኪያና መቀበያ ብቻ ነው ያለው። የሰከንድ ምቱ፣ ማለትም ፒፒኤስ፣ ለብቻው ፒን አልወጣለትም፤ ቦርዱ ላይ ያለችውን መብራት ብቻ ብልጭ ያደርጋል። ከመብራቷ እግር ላይ ቀጭን ሽቦ በይዶ ማውጣት ይቻላል፣ እጅ የማይንቀጠቀጥ ከሆነ። 5 ፒን ያለውን መግዛት ይሻላል። ገንዘብ ካለ ለሰዓት ተብለው የተሠሩት፣ ስማቸው በ"ቲ" የሚያልቀው የዩብሎክስ ሞጁሎች፣ ቦታቸውን አንዴ ለክተው ካጸኑ በኋላ በአንድ ሳተላይት ብቻ ሰዓት መስጠት ይችላሉ። ተራው ሞጁል ቢያንስ አራት ይፈልጋል፦ ሦስቱ ለቦታ፣ አንዱ ለሰዓት።

አንቴናው ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከተቀመጠ ምንም አይሰማም። ኮርኒስ ውስጥ መደበቅ ለዓይን ያምራል፤ ለሲግናል ግን ቆርቆሮው ድፍን ግድግዳ ነው። እኔ ማግኔት ያለውን አንቴና ከውጭ ቆርቆሮው ራሱ ላይ አስቀመጥኩት፤ ያኔ ቆርቆሮው ጠላትነቱ ቀርቶ ለአንቴናው ጠፍጣፋ መደብ ይሆንለታል፣ ከታች የሚንጸባረቀውንም ይከልላል። ኬብሉ ቀጭኑ አርጂ-174 ከሆነ በየሜትሩ 1 ዴሲቤል ገደማ ይበላል፤ ስለዚህ 5 ሜትርን ባላልፍ ይሻላል። ከዚያ የሚረዝም ከሆነ ወፈር ያለ ኬብል ያስፈልጋል። የኬብሉ መዘግየት በሜትር 5 ናኖ ሰከንድ ያህል ነው፤ ለኔትወርክ ሰዓት ጭንቀት አይደለም። መብረቅ ግን ጭንቀት ነው። አንቴናውን ከጣሪያው ጫፍ ዝቅ ማድረግና ኬብሉ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ግራውንድ የተደረገ መከላከያ ማስገባት ያስፈልጋል።

የእኛ ሰማይ አንድ ጠባይ አለው። የመሬት መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ፣ ከላይ ያለው አዮኖስፌር፣ ማለትም ሲግናሉ የሚያቋርጠው በኤሌክትሪክ የተሞላ የአየር ንብርብር፣ ይናወጣል፤ በተለይ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑባቸው በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ። ሞጁሉ ድንገት ሁለት ሦስት ሳተላይት ቢጥል አንቴናውን ለመንቀል አትቸኩሉ፤ ጠዋት እስኪሆን ጠብቁ።

ሽቦውን ያገናኘሁት እንዲህ ነው፦ የሞጁሉ ኃይል ወደ ፒን 1፣ ግራውንድ ወደ ፒን 6፣ የሞጁሉ መላኪያ ወደ ፒን 10፣ መቀበያው ወደ ፒን 8፣ የሰከንድ ምቱ ወደ ፒን 12፣ ማለትም ጂፒአይኦ 18። የፓይ ፒኖች የሚችሉት 3.3 ቮልት ብቻ ነው፤ 5 ቮልት የሚተፋ ሞጁል ያቃጥላቸዋል። ከዚያ ራስፒ-ኮንፊግ በሚባለው የፓይ ቅንብር ፕሮግራም የሲሪያል ወደቡን (የሞጁሉ ጽሑፍ የሚመጣበትን) ከፍቼ፣ በዚያ በኩል የሚመጣውን የሎግኢን ኮንሶል ዘጋሁ። ይህ ከተረሳ ሊኑክሱ ከጂፒኤሱ ጋር በአንድ ገመድ ላይ ይነታረካል። ብሉቱዙንም አጠፋሁት፤ ካልጠፋ ጥሩውን የሲሪያል ወደብ እሱ ይዞ ለፒኖቹ ደካማው ይቀራል። በመጨረሻ በቡት ኮንፊግ ፋይሉ ላይ ምቱ በየት እንደሚመጣ ለሊኑክሱ የሚነግረውን የፒፒኤስ-ጂፒአይኦ ኦቨርሌይን በጂፒአይኦ ቁጥር 18 አስገብቼ ፓይውን አስነሳሁ። ፒፒኤስ-ቴስት የሚባለው ትእዛዝ በየሰከንዱ አንድ መስመር ካወጣ ምቱ የሊኑክሱ እምብርት ከሆነው ከርነሉ ዘንድ ደርሷል ማለት ነው። ካላወጣ ሽቦውን ከመጠርጠር በፊት የሞጁሏን መብራት ማየት ነው፤ ሳተላይት ካልያዘ ምት የለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ምቱ "አሁን!" ይላል፤ ያንንም ከ1 ማይክሮ ሰከንድ ባነሰ ስህተት። ግን "አሁን ስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ ነው" አይልም። ያንን የሚናገረው በሲሪያል የሚመጣው ጽሑፍ ነው፣ እሱ ደግሞ ዘገምተኛ ነው። በ9600 ቦድ በሰከንድ 960 ፊደል ነው የሚያልፈው። ሞጁሉ በነባሪው በየሰከንዱ 500 ያህል ፊደል ስለሚልክ ግማሽ ሰከንዱ በወሬ ያልቃል፤ የሳተላይት ዝርዝሩ እንደሚታዩት ሳተላይቶች ብዛት ስለሚረዝምና ስለሚያጥር መዘግየቱም ይዋዥቃል። መዘግየቱ ግማሽ ሰከንድን ሲሻገር ምቱ ከጎረቤቱ ሰከንድ ጋር ይጋባል። ያኔ ሰርቨሩ ልክ አንድ ሰከንድ ይሳሳታል፤ ስክሪኑ ላይ ግን "ስህተቴ 300 ናኖ ሰከንድ ነው" እያለ ይኮራል። ከዚህ የከፋ ስህተት አላውቅም፤ ሁሉም ቁጥር አማረ የሚያሰኝ ነውና።

ያደረግኩት ይህን ነው። በሞጁሉ ላይ የሳተላይት ዝርዝሩንና ሌሎቹን የማያስፈልጉ መልእክቶች አጠፋሁ፣ ፍጥነቱን ወደ 38400 ከፍ አደረግኩ። ኮረንቲ ሲጠፋ ቅንብራቸውን የሚረሱ ሞጁሎች ስላሉ ይህን ትእዛዝ በየቡቱ የሚልክ ትንሽ ስክሪፕት አስቀመጥኩ። ጂፒኤስዲ የሚባለው ፕሮግራም ጽሑፉን ያነባል፤ ደንበኛ ባይኖርም እንዲያነብ ዳሽ-ኤን የሚለውን ምርጫ መስጠት ግድ ነው። የፓይውን ሰዓት በሚያስተካክለውና ለማሽኖቹ በሚያድለው ፕሮግራም በክሮኒ ላይ ሁለት ምንጭ ጻፍኩ፦ አንዱ ከጂፒኤስዲ የሚመጣው ጽሑፍ፣ ለሰከንዱ ቁጥር ብቻ እንዲያገለግልና ራሱ እንዳይመረጥ "ኖሴሌክት" ተብሎ፤ ሁለተኛው ምቱ፣ ከመጀመሪያው ጋር በ"ሎክ" ታስሮ። ምቱን ከማሰሬ በፊት ግን የኢንተርኔት ሰርቨሮችን ብቻ ይዤ አንድ ቀን አሳደርኩትና ጽሑፉ በአማካይ በስንት እንደሚዘገይ ከሎጉ አነበብኩ። ያንን ቁጥር ነው "ኦፍሴት" ላይ የጻፍኩት። ከሌላ ሰው ኮንፊግ የተቀዳ ኦፍሴት የሌላ ሰው ጫማ ነው።

አራት የኢንተርኔት ሰርቨሮችንም አልሰረዝኩም። ኤንቲፒ (ማሽኖች ሰዓት በኔትወርክ የሚጠያየቁበት ደንብ) የመልእክቱ መሄጃና መመለሻ እኩል ጊዜ ይወስዳል ብሎ ያስባል፤ መንገዱ ሚዛኑን ካልጠበቀ ሚሊ ሰከንዶች ይሳሳታል። ለማይክሮ ሰከንድ አይሆኑም፤ "የትኛው ሰከንድ" ለሚለው ግን ምስክር ናቸው። ሁለት ምንጭ ብቻ ካለ የሚዋሸውን መለየት አይቻልም፤ ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ክሮኒ በብዙኃኑ ይፈርዳል። ብዙ መመሪያ ምቱ ላይ "ትረስት" (ያለ ጥያቄ እመነው) ጨምሩ ይላል። እኔ አልጨመርኩም፤ ያንን ቃል መጻፍ ምስክሮቹን አፍ ማስያዝ ነው። የክሮኒን የምንጮች ዝርዝር ስታዩ፣ ከምቱ ፊት ኮከብ ካለ ተመርጧል፤ ኤክስ ካለ ብዙኃኑ ዋሾ ብሎታል። "ሪች" የሚለው ቁጥር 377 ከሆነ የመጨረሻዎቹ ስምንት ሙከራዎች በሙሉ ተሳክተዋል።

ጂፒኤስ ራሱም "የትኛው" የሚለውን ሊስት የሚችልባቸው መንገዶች አሉ። የጂፒኤስ ሰዓት የዝላይ ሰከንድን (ሰዓቱን ከምድር መሽከርከር ጋር ለማስማማት አልፎ አልፎ የምትጨመረውን) አይቆጥርም፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2017 ጀምሮ ከዓለም መደበኛ ሰዓት ከዩቲሲ 18 ሰከንድ ይቀድማል። የ18ቷ ወሬ ከሳተላይቱ የምትመጣው በየ12 ደቂቃ ተኩል አንዴ ነው። አዲስ የተነሳ ሞጁል እስከዚያ ድረስ በልቡ ያለውን የድሮ ቁጥር ይዞ ጥቂት ሰከንዶች ሊስት ይችላል። ስለዚህ ሰርቨሩ ከተነሳ በኋላ ለ15 ደቂቃ አላምነውም።

የሳምንት ቁጥሩም አለ። ጂፒኤስ ሳምንትን ከጃንዋሪ 6 ቀን 1980 ጀምሮ በ10 ቢት ስለሚቆጥር በየ1024 ሳምንቱ ወደ ዜሮ ይመለሳል፦ በኦገስት 1999፣ በኤፕሪል 2019፣ ቀጥሎም በኖቬምበር 2038። የሞጁሉ ሶፍትዌር የትኛው ዙር ላይ እንዳለ መገመት አለበት፤ ያረጀ ሶፍትዌር ሲገምት ይስታል፣ ቀኑም 19 ዓመት ተኩል ወደ ኋላ ይሄዳል። ጂፒኤስዲ ራሱ ከስሪት 3.20 እስከ 3.22 ድረስ እንዲህ ያለ ስህተት ነበረበት፤ በኦክቶበር 24 ቀን 2021 ቀኑን ወደ ማርች 2002 የሚመልስ። በድሮ የሲስተም ኢሜጅ የተሠራ ኤስዲ ካርድ ያለው ሰው ስሪቱን ይመልከት።

ፓይ 4 ሲጠፋ ሰዓት የሚይዝለት ባትሪ የለውም። ዲኤስ3231 የሚባለውን የሰዓት ቺፕ በፒን 3ና 5 አስገባሁለት፤ በቀን ከ0.2 ሰከንድ በላይ አይስትም። በብዛት የሚሸጠው ሰማያዊ ቦርድ ባትሪውን የሚሞላ ሰርኪዩት አለው፤ የማይሞላ ሲአር2032 ከተከተተበት፣ በተለይ በ5 ቮልት ሲሠራ፣ ባትሪውን ሊያሳብጥ ይችላል። ከዲዮዱ ጋር በተከታታይ ያለውን 200 ኦም ሬዚስተር ነቅዬ ጣልኩት።

ወደ ማሽኖቹ ስንመጣ ሥራው አጭር ነው። በዊንዶውስ ዶሜይን ውስጥ ከዚህ ሰርቨር የሚቀዳው የፒዲሲውን (የዋናውን የዶሜይን ተቆጣጣሪ) ሚና የያዘው አንዱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ከሱ ይቀዳሉ። ፒዲሲው ቨርቹዋል ማሽን ከሆነ ከአስተናጋጁ የሚመጣውን የሰዓት ማመሳሰል አጥፉ፣ አለዚያ ሁለት አሽከርካሪ አንድ መሪ ይይዛል። ሰርቨሩ በገመድ ይገናኝ፤ ዋይፋይ ሚሊ ሰከንዶች ይጨምራል። የኤንቲፒ ወደብ የሆነውን ዩዲፒ 123ን ወደ ኢንተርኔት አትክፈቱ፤ ክሮኒ ላይም "አላው" የሚለውን ለውስጥ ኔትወርክ አድራሻ ብቻ ስጡ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው የሰው "የትኛው" ነው። የኢትዮጵያ ሰዓት እንዲያሳይ ብሎ የኮምፒውተሩን ሰዓት በ6 ሰዓት ወደ ኋላ የሚጎትት ሰው አይጠፋም፤ ያ ማሽን በከርቤሮስ ዓይን የጠፋ ማሽን ነው። ዞኑ አፍሪካ/አዲስ አበባ ይሁን። በእጅ የሚጻፈው "ጂኤምቲ-3" የሚለው ዞን ምልክቱ የተገለበጠ መሆኑንም ልብ በሉ፤ በሊኑክስ የእኛ የሆነው የመቀነስ ምልክት ያለው ነው። ሰርቨሮቹን ሁሉ በዩቲሲ፣ ቀኑንም በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጫለሁ። ተጠቃሚ "ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ተቋረጠ" ሲል 3 እደምራለሁ፤ ሎጉ ላይ 06:00 ነው። "ማታ 2 ሰዓት" ካለ 15 እደምራለሁ፤ 17:00። ሌሊት ከሆነ "ሰኞ ለማክሰኞ" ብሎ እንዲነግረኝ እጠይቃለሁ፤ የዩቲሲው ቀን እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ድረስ ገና ሰኞ ነው፣ ከዚያ በኋላ ነው የማክሰኞን ፋይል የምከፍተው።