መኪናዬን ለክረምቱ ብርድ ሳቆም የተማርኩት

ለወራት የቆመች መኪናን የሚጎዳት ብርዱ ይመስለናል። እኔ ደጋግሜ ያየሁት ግን ጠላቷ ውሃ መሆኑን ነው። ቀለም ሥር የገባ፣ ቤንዚን ውስጥ የተቀላቀለ፣ ዘይት ውስጥ የቀረ፣ ከወለሉ እየተነነ የሚወጣ ውሃ። ይህ ከገባኝ ወዲህ ዝግጅቴ ቀለለኝ። እያንዳንዱን ሥራ የምመዝነው ውሃ ያስወጣል ወይስ ያስቀራል እያልኩ ነው።

መኪናዋ አሮጌ ናት፤ ካርቡሬተር (ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው የድሮ መሣሪያ) ያላት፣ ብዙ የተደከመባት፣ በጣም የምሳሳላት። በረዶ ከመጣሉና በረዶውን ለማቅለጥ መንገዱ ላይ ጨው ከመበተኑ በፊት ትገባለች። ጨው ከአየር ላይ እርጥበት እየሳበ ብረቱን ሳያቋርጥ ስለሚያረጥበው፣ አንዴ ከነካት ከታች በደንብ ሳትታጠብ መቆም የለባትም።

እጥበቱን የምጀምረው ከሥር ነው። ፓራፋንጎዎቹ ውስጥ የተጠራቀመው ጭቃ እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ በእጄ ጭምር እየፈለግሁ አወጣዋለሁ። ብዙ ሰው የሚያልፈው ቦታ የበሮቹ የታችኛው ጠርዝ ነው። እዚያ ትንንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች አሉ። በቀጭን ሽቦ ስነካካቸው መጀመሪያ ጥቁር ጭቃ ይረግፋል፤ ከዚያ በሩ ውስጥ ታቁሮ የነበረው ውሃ ክር ሠርቶ ይወርዳል። ውጪው የሚያበራ በር ከውስጥ በስብሶ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ቀለሙን ሰም ቀብቼ፣ የበሮቹን ጎማ በሲሊኮን ቅባት አሽቼ እጥበቱን እጨርሳለሁ።

ታጥባ ወዲያው አትቆምም። ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ እነዳታለሁ፤ ፍሬኑንም ደጋግሜ እይዛለሁ፣ ዲስኩ ሲሞቅ ውሃው ይተናል። በዚያው ጉዞ ነዳጅ እሞላለሁ። ከመሙላቴ በፊት ግን ቤንዚን እንዳይበላሽ የሚያደርገውን ስታቢላይዘር በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ታንኩ ውስጥ እጨምራለሁ። ቤንዚኑ ከላይ ሲወርድበት ራሱ ያማስለዋል፤ ወደ ቤት ስመለስ ደግሞ የተቀላቀለው ነዳጅ ካርቡሬተሩ ድረስ ይደርሳል።

ስለ ቤንዚን ትንሽ ልበል፤ ብዙ መኪና ከቆመበት አልነሣ የሚለው በእሱ ነውና። ቤንዚን ለወራት ሲቆም ከአየሩ ጋር እየተዋሃደ ሙጫ መሰል ነገር ይሠራል፤ የካርቡሬተሩን ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሚደፍነው ይኸው ነው። ኤታኖል የሚባለው አልኮል ያለበት ከሆነ ደግሞ እርጥበት ይጠጣል። የጠጣው ውሃ ከመጠን ሲያልፍ ኤታኖሉና ውሃው ከቤንዚኑ ተለይተው ታንኩ ሥር ይዘቅጣሉ፤ ፓምፑም መጀመሪያ የሚስበው እሱን ነው። ስለዚህ ኤታኖል የሌለበት ቤንዚን ከተገኘ እሱን እመርጣለሁ፤ ታንኩንም ፓምፑ ራሱ እስኪያቆም ድረስ እሞላለሁ። ግማሽ ባዶ ታንክ ውስጥ ያለው አየር ቀን ሞቆ ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ግድግዳው ላይ ጤዛ ይሆናል፤ ታንኩ ብረት ከሆነ ከውስጥ ይዝጋል። ካርቡሬተሩን አድርቆ ማቆም ይሻላል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ውስጡ ያለው ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፤ ስታቢላይዘር ያለው ቤንዚን ሞልቶት ቢቆይ ይሻላል።

የሞተር ዘይትና ፊልትሮ የምቀይረው ከማቆሜ በፊት ነው። ከቆመችበት ስትነሣ እቀይራለሁ ማለት ትክክል አይመስለኝም። የተሠራበት ዘይት ከቃጠሎው የመጣ ውሃና አሲድ ይዟል፤ ያ ክረምቱን ሙሉ ብሮንዚኖቹ (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርባቸው ብረቶች) ላይ ተኝቶ እንዲከርም አልፈቅድም። የራዲያተሩን ፈሳሽ በመለኪያ አያለሁ። ግማሽ ውሃ ግማሽ ፀረ-በረዶ ከሆነ ከዜሮ በታች እስከ 35 ዲግሪ ገደማ ሳይረጋ ይቆያል። የፍሬን ዘይትም ውሃ ይጠጣል፤ 2 ዓመት ካለፈው እቀይረዋለሁ።

ባትሪ ላይ ቸልተኝነት ዋጋ ያስከፍላል። ሙሉ ቻርጅ የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ ያሳያል፤ ከ12.4 በታች ወርዶ ሲከርም ውስጡ ባሉት ሳህኖች ላይ ሰልፌት የሚባል ቅርፊት ይጋገርና አቅሙን ያጣል። ሙሉ ባትሪ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ላይ እንኳ አይረጋም፤ ባዶው ግን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ረግቶ ቀፎው ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ኔጌቲቩን አስቀድሜ፣ ፖዘቲቩን አስከትዬ ፈትቼ አወጣውና ደረቅ ቦታ ላይ ሲሞላ ራሱ የሚቆም ቻርጀር ላይ እሰካዋለሁ። ተራ ቻርጀር ሰክቶ መርሳት ግን ባትሪውን ይገድለዋል።

ጎማ ላይ ያለው ፍርሃት የተጋነነ ይመስለኛል። በአንድ ጎኑ ለወራት የተኛ ጎማ ትንሽ ይጠፈጠፋል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ሞቆ ሲነዳ ይመለሳል። ነፋሱን ከተለመደው ከፍ አደርጋለሁ፣ ጎማው ላይ ከተጻፈው ጣሪያ ግን አላልፍም። በክሪክ አንሥቶ በአየር ላይ ማቆም አልወድም፤ እግሮቿ ተንጠልጥለው ሲከርሙ ጎሚኒዎቹ ተጠምዝዘው ይቆያሉ። የእጅ ፍሬን ጨርሶ አልይዝም። የፍሬኑ ሸራ ከዲስኩ ወይም ከታምቡሩ ጋር በዝገት ይጣበቃልና ማርሽ አስገብቼ ጎማዎቹን በታኮ እደግፋለሁ።

አይጥ ደግሞ አለ። የአየር ፊልትሮ ቤት ለአይጥ የተመቸ ጎጆ ነው፤ ደረቅ፣ ጨለማ፣ ፊልትሮው ራሱ ተቦጫጭቆ የሚነጠፍ። አየር መግቢያውንና ጭስ ማውጫውን በሽቦ ጥጥ እወትፋለሁ። ከዚያ የወተፍኩትን ቦታ ሁሉ ወረቀት ላይ ጽፌ ወረቀቱን ቁልፉ ላይ አስራለሁ፤ ያን ሳያነብ ማንም እንዳያስነሣት። ጋቢናው ውስጥ የምግብ ፍርፋሪ አይቀርም፤ ምንጣፎቹ ወጥተው ሌላ ቦታ ይቀመጣሉ።

የምትቆምበት ቦታ ሙቀቱ ሳይሆን ድርቀቱ ነው የሚያሳስበኝ። ሲሚንቶ ወለል የደረቀ ቢመስልም ከመሬት እርጥበት ያሳልፋል፤ ለዚህ ወፍራም ፕላስቲክ ከሥሯ አነጥፋለሁ። ከላይ ግን ፕላስቲክ አይነካትም፤ ከሥሩ ላብ ይሠራልና። የመኪና ልብሱ አየር የሚያስተላልፍ ጨርቅ መሆን አለበት፤ የማለብሳትም ስትደርቅና ስትቀዘቅዝ ብቻ ነው። የአየር እርጥበቱን በመለኪያ እከታተላለሁ፤ 50 በመቶ አካባቢ ከሆነ ደስ ይለኛል፤ 60 ካለፈ እርጥበት መጣጩን ማሽን አበራለሁ።

አጥብቄ የምከራከርበት አንድ ነገር አለ። በየሁለት ሳምንቱ አስነሥተህ ትንሽ አሠራት የሚለው ምክር ጉዳት ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይፈጥራል። ረጅም መንገድ ስትነዳ ያ ውሃ በእንፋሎት መልክ ወጥቶ ይሄዳል። አስር ደቂቃ ብቻ ሠርታ ስትጠፋ ግን ማርሚታው ውስጥ ይቀዘቅዛል፤ ከዘይቱም ጋር ይቀላቀላል። ያን ሁሉ ውሃ ስናስወጣ ከርመን መልሰን እናስገባዋለን ማለት ነው። ዝግ ጋራዥ ውስጥ ከሆነ ደግሞ የጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰው ይገድላል። ወይ በደንብ አሙቆ መንዳት፣ ወይ ጨርሶ አለመንካት። እኔ አልነካትም፤ አልፎ አልፎ ልብሱን ገልጬ ሽታውን፣ ወለሉንና የአይጥ ምልክት መኖር አለመኖሩን ብቻ አያለሁ።

ብርዱ ሲያልፍ ቁልፉ ላይ የታሰረውን ወረቀት እያነበብኩ የወተፍኩትን ሁሉ አወጣለሁ። የዘይቱን፣ የፍሬኑንና የራዲያተሩን ልክ አያለሁ፤ የጎማዎቹን ነፋስ ወደ ቦታው እመልሳለሁ። ገመዶቹ የተቀረጠፉ መሆን አለመሆናቸውን በባትሪ መብራት እፈትሻለሁ። ዘይቱ ለወራት ወደ ታች ወርዶ ስለሚከርም ሞተሩ በደረቁ እንዳይነሣ የቦቢናውን (ለካንዴላዎቹ ብልጭታ ኃይል የሚሰጠውን) ዋና ገመድ ነቅዬ ከቦዲው ጋር አገናኛለሁ፤ በሞተሪኖ (በማስነሻው ሞተር) ብቻ እየቆራረጥኩ የዘይት ግፊቱ መብራት እስኪጠፋ አሽከረክራለሁ። ገመዱን መልሼ የማስነሣት ከዚያ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ጉዞ አጭርና ቀስ ያለ ነው። ዲስኮቹ ላይ የያዘው ስስ ዝገት ጥቂት ጊዜ ይፋጫል፣ ከዚያ ይጠራል። ስቆም እጄን ወደ አራቱም ቸርኬዎች አስጠግቼ ሙቀታቸውን አነጻጽራለሁ። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከሞቀ ፍሬኑ አልለቀቀም ማለት ነውና ተፈትቶ ሳይጸዳ አልነዳትም።