«ሞተሩ ይወርዳል» ያለኝ ጋራዥ እና ሶስተኛው ካንዴላ

ሰሞኑን ጠፋሽ ላላችሁኝ ሁሉ፣ ጋራዥ ነበርኩ። ስምንት ቀን ሙሉ ከስራ መልስ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ ብዬ ሻይ እየጠጣሁ ስከራከር ነው የከረምኩት።

መኪናዬን ታውቋታላችሁ። ሊብሬው ላይ ቶዮታ ያሪስ ነው የሚላት፣ ሰው ሁሉ ግን ቪትዝ ይላታል፣ እኔም ሰልችቶኝ ቪትዝ ማለት ጀምሬያለሁ። 2004 ሞዴል፣ 1.3፣ ከአውሮፓ የገባች። ባለፈው ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ስወጣ ድንገት መንቀጥቀጥ ጀመረች፣ ነዳጅ ስሰጣት እሺ አትልም፣ ድምጿ የወፍጮ ቤት ሆነ፣ ቼክ ኢንጅን መብራቱም ብልጭ ድርግም ይላል። ቀጥ ብሎ ቢበራ እኮ እለምደው ነበር፣ ብልጭ ድርግም ሲል ግን ደነገጥኩ። እየጎተትኳት ቅርቤ ያለ ጋራዥ አስገባኋት። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ አትጠይቁኝ።

ባለጋራዡ ኮፈኑን ከፈተ፣ አንዱን ኮይል (ነዳጁን በእሳት ብልጭታ ለሚያቀጣጥለው ካንዴላ ኤሌክትሪክ የሚልከውን ዕቃ) ነቀለ፣ ጣቱን ጉድጓዱ ውስጥ ከተተና አወጣው። ጣቱ ጥቁር ዘይት ሆኗል። «አየሽ እህቴ? ዘይት እየበላች ነው። ፋሻ አልቋል። ሞተሩ ይወርዳል።» (ፋሻ የሚሉት ፒስተኑን ዙሪያውን የሚያሽጉትን ቀለበቶች ነው፣ ሞተር ይወርዳል ማለት ደግሞ ወጥቶ ይበተናል ማለት ነው።) ይሄ ሁሉ ሶስት ደቂቃ አልፈጀም፣ ያዘዝኩት ሻይ እንኳን አልመጣም ነበር።

ከዛ የዘይት ፊልትሮ ካርቶን ቀደደና ጀርባው ላይ ሂሳቡን ጻፈልኝ። ፋሻና ብሮንዚን (የሞተሩ ዘንግ የሚያርፍባቸው ስስ ብረቶች) 24 ሺ፣ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ሙሉ ስብስብ 12 ሺ፣ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ቶርኖ ቤት ሄዶ የሚላጭበት 11 ሺ፣ የእጅ 30 ሺ፣ ልዩ ልዩ 9 ሺ። ድምር 86 ሺ ብር። «ደረሰኝ ካልሽ ደግሞ 15 ፐርሰንት ይጨመራል።»

«ልዩ ልዩ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ልዩ ልዩ ነዋ።»

«ለምሳሌ?»

«ሞተር ሲከፈት ምን እንደሚገኝ አይታወቅማ።»

«ካልታወቀ 9 ሺ መሆኑ እንዴት ታወቀ?»

ዝም አለ። ከዛ በጣም ያናደደችኝን ነገር ተናገረ፦ «ባልሽ ወይ ወንድምሽ ይምጣና ላስረዳው።» መኪናዋ የኔ፣ ብሩ የኔ፣ ዘይቷን የማስቀይረው እኔ! ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ቀን ልከፍል ምንም አልቀረኝም ነበር፣ ምክንያቱም ቀጥሎ ያለው ነገር ልቤን ነካው። «ነዳጅ መኪና እንደሆነ ከ2016 ወዲህ አይገባም፣ ዛሬ ይቺን ብትሸጫት ሚሊዮን አልፋ ትሄዳለች፣ ለ86 ሺ ብለሽ ንብረትሽን ትገያለሽ?» አለኝ። ያሳምናል እኮ! ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ የባንክ አፕ ከፍቼ ስደምር ስቀንስ፣ ከእቁብ ቀድሜ ብወስድ ብዬ ሳስብ ነበር።

የከለከለኝ አንድ ነገር ነው። ፋሻ ያለቀበት መኪና ዘይት ይጎድለዋል፣ በማርሚታ በኩልም ሰማያዊ ጭስ ያጨሳል፣ ይሄን ማንም ሹፌር ያውቀዋል። እኔ ደግሞ ዘይቷን በየወሩ በመለኪያ ዘንጉ እያወጣሁ የማይ ሰው ነኝ (አባቴ ያስለመደኝ ጸባይ ነው)፣ ከቅያሪ እስከ ቅያሪ ጨምሬ አላውቅም። ጭስም የለም። ይሄን ስለው «ጭሱ ገና ነው፣ ይመጣል» አለኝ። እንግዲህ የሚመጣ ጭስ 86 ሺ ብር ሲያወጣ እዩልኝ።

በሶስተኛው ቀን ጎረቤታችንን ጋሼን ይዤ ሄድኩ። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና መካኒክ ናቸው፣ ቪትዝ የመሰለ ነገር ሲያዩ ይስቃሉ፣ «ይሄ እኮ የልብስ ስፌት መኪና ነው» ይላሉ። ጋራዡ ስንደርስ አልተጣሉም፣ አልጮሁም፣ ከባለጋራዡ ጋር ጤና ይስጥልኝ ተባብለው ስለ ሰው ስለ ከብቱ አወሩ። ከዛ «እስቲ ልጄ፣ ሶስተኛዋን ካንዴላ ፈተህ ስጠኝ» አሉት።

ረዳቱ ልጅ ፈታና ሰጣቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ካንዴላውን ወደ ብርሃን አዞሩት። ከዛ ለኔ ሰጡኝ። «ምን ታያለሽ?»

ነጩ ሸክላ የላይኛው አካሉ በዘይት ተለውሷል፣ የኮይሉ ጎማ የሚቀመጥበት ማለቴ ነው። ከጥርሱ በታች ያለው፣ እሳቱ የሚዘልበት ጫፍ ግን ደረቅ ነው። ሞተሩ ውስጥ የሚገባው እኮ እሱ ጫፍ ነው፣ ውስጥ ዘይት እየተቃጠለ ቢሆን ኖሮ እሱ ነበር ጥቀርሻና ዘይት የሚለብሰው። ከላይ ብቻ እርጥብ ከሆነ ዘይቱ የመጣው ከላይ ነው። የሞተሩ የላይኛ ሽፋን ስር የካንዴላውን ጉድጓድ የሚዘጋ ክብ ላስቲክ አለ፣ ሲያረጅ ይደርቅና ዘይት ያሳልፋል፣ ዘይቱ ጉድጓዱ ውስጥ ይጠራቀምና የኮይሉን ጎማ ይበላዋል፣ ከዛ እሳቱ ወደ ካንዴላ መሄዱን ትቶ በጎን ይዘላል። ያቺ ሲሊንደር (ነዳጁ ከሚቃጠልባቸው አራቱ አንዷ) አትሰራም፣ መኪናዋ በሶስት እግሯ ትሄዳለች። ይሄው ነው።

ባለጋራዡ «ሊሆን ይችላል ግን እርግጠኛ መሆን አይቻልም» አለ። እዚህ ጋ የኔ ተራ መጣ። የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ያመጣልኝ አውራ ጣት የምታክል፣ የመኪናን የብልሽት ኮድ የምታነብ ብሉቱዝ ስካነር አለችኝ፣ ሁለት አመት ቦርሳዬ ውስጥ ከሊፕስቲክ ጋር ስትንከራተት የኖረች። ሰካኋት፣ ስልኬ ላይ ፒ0303 አለኝ። የመጨረሻዋ 3 የሲሊንደሩ ቁጥር ናት፣ ሶስተኛው እየሳተ ነው ማለት ነው። ጋሼ ኮይሎቹን አቀያየሩ፣ የሶስተኛውን አንደኛው ላይ፣ የአንደኛውን ሶስተኛው ላይ። ኮዱን አጠፋሁ፣ አስነሳናት፣ ትንሽ ተንቀጠቀጠች፣ አየሁት፦ ፒ0301! ችግሩ ኮይሉን ተከትሎ ሄደ። ፋሻ ቢሆን ሶስተኛው ላይ ይቀር ነበራ፣ ፋሻ እግር የለው።

ጩኸቴን አትጠይቁኝ። ቀለም ቤት ያሉት ልጆች ሁሉ ዞረው አዩኝ።

ሰውየውን ሌባ ነው ለማለት ግን ይከብደኛል። ኮዱ ሲቀየር ስልኬ ላይ አጎንብሶ ያየው እሱ ነው፣ ባትሪ ይዞ ያበራልን እሱ ነው። ዘይት አየ፣ ሃያ አመት ዘይት ያለበትን ሞተር ሲከፍት ኖሯል፣ እጁ ወደለመደው ሄደ። የሶስት ደቂቃውን ፍርድ ግን ይቅር አልለውም፣ ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሮቹ ግፊት) ሳይለካ ሞተር ይወርዳል ይባላል እንዴ? (በኋላ ሌላ ቦታ አስለካሁት፣ አራቱም ከ12 ባር በላይ ናቸው፣ በመካከላቸው ግማሽ ባር ልዩነት ቢኖር ነው፣ ፋሻው ደህና ነው ማለት ነው።)

አሁን ወደ ብሩ። መኪናዬን ልውሰድ ስል «የምርመራና የማስፈቻ 6 ሺ» አለኝ። ስገባ «ማየት በነጻ ነው» ያለኝ ሰውዬ! ቁልፉ ደግሞ ኪሱ ውስጥ ነው። እኔ አዋጅ ጠቀስኩ፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ምናምን ብዬ። እሱ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እንግዲያው አዋጁ ራሱ መጥቶ ካንዴላ ይፍታልሽ።» ረዳቱ ሳቀ፣ ጋሼም ሳቁ፣ መጨረሻ እኔም ሳቅኩ፣ ግን 6 ሺ አልከፈልኩም። አራት ቀን ተመላለስኩ። በአምስተኛው ጋሼ መሃል ገብተው 1,500 ብር በቃ አሉ፣ «ልጁ ካንዴላ ፈቷል፣ የላብ ነው»። እሱን ከፈልኩ፣ ያለ ደረሰኝ፣ ይሄንንም እናገራለሁ። ካርቶኑን ግን ወስጄዋለሁ፣ 86 ሺዋ ካርቶን አሁን ክሩስኮቶ ኪስ ውስጥ ናት።

ዕቃውን ሶማሌ ተራ ሄደን ገዛን። አዲስ ኮይል ዋጋ ስጠይቅ ደነገጥኩ፣ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ስፔር ፓርት የሚባል ነገር አይቀመስም። ጋሼ «አዲስ ግዢ፣ ኤሌክትሪክ ነገር አሮጌ አይገዛም» እያሉኝ እኔ ያገለገለ በ3,500 ገዛሁ፣ ሻጩ «ኦርጂናል ነው፣ ከመኪናው ላይ ዛሬ የወረደ» አለኛ። ላስቲኩ 1,800፣ አራት ካንዴላ 2,400፣ የእጅ 1,500። 9,200 ብር። መኪናዋ ዳገቱን እንደ ሚዳቋ ወጣችው።

እና ትናንት ማታ ከስራ ስመለስ፣ ስድስት ኪሎ ጋ፣ ቼክ ኢንጅን። ፒ0303። ያቺ «ዛሬ የወረደች» ኮይል። ጋሼን በራቸው ላይ አገኘኋቸው፣ ስልኬን አሳየኋቸው፣ አንድ ቃል አልተናገሩም፣ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ። ቅዳሜ ሶማሌ ተራ ነን፣ አዲሱን ልንገዛ።