የማርቆሱ አምፕሊፋየር

ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ወደ አባይ ስንወርድ ሙቀቱ እየጨመረ ሄዶ ሰው ሁሉ ጃኬቱን ማውለቅ ጀመረ፣ እኔ ደሞ ለአጎቴ አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ) መጠገኛ ቦርሳዬ ውስጥ ስለያዝኳቸው ኮንደንሰሮች፣ ማለትም ኤሌክትሪክ አጠራቅመው ስለሚይዙት እቃዎች እያሰብኩ ነበር። ሁሉም እስከ 105 ዲግሪ ይችላሉ ተብሎ የተጻፈባቸው ናቸው፣ የአባይ በረሃ ምንም አያደርጋቸውም፣ ግን ኮንደንሰርን የሚጨርሰው ሙቀት ነው፣ ውስጡ ያለው ወረቀት የተነከረበት ፈሳሽ ቀስ እያለ ይደርቃል፣ 10 ዲግሪ ቀዝቀዝ ባለ ቁጥር ደሞ እድሜው በግምት እጥፍ ይሆናል። ደጀን ላይ ብርዱ ተቀበለን፣ ከዛ በሉማሜ አርገን ማርቆስ ገባን።

አጎቴ አምፕሊፋየሩን የገዛው በደርግ ጊዜ ነው፣ የጃፓን እቃ፣ ክብደቱ ራሱ ያስታውቃል። ልጆቹ ለቆራሌው ስጠውና ብሉቱዝ ስፒከር እንግዛልህ እያሉ ያስጨንቁታል። ሲከፈት እምምም የሚል ድምፅ አለው፣ ካሴት ሲገባ ማሲንቆው ይሰማል ከበሮው ግን የለም። ይሄን ስሰማ ገና ሳልከፍተው ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም ሁለቱም የደረቀ ኮንደንሰር ምልክት ነው። የኛ መብራት 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ) ስለሆነ የፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም ለእቃው ኃይል የሚሰጠው ክፍል፣ ትላልቅ ኮንደንሰሮች ሲደክሙ በእጥፉ በ100 ኸርዝ ያጉረመርማል፣ ድምፅ የሚያሳልፉት ትናንሾቹ ሲደክሙ ደሞ ወፍራሙን ድምፅ እየቀነሱ ቀጭኑን ብቻ ያሳልፋሉ።

«ኧረ ልጄ ኤሌክትሪኩ እንዳይዝህ» አሉኝ የአጎቴ ሚስት ክዳኑን ስፈታ፣ ልክ ናቸው፣ ሶኬቱ ተነቅሎም ኮንደንሰር ቻርጅ ይዞ ይቆያል። በስክሩድራይቨር ሁለቱን እግሮቹን አገናኝተው ሾርት የሚያደርጉ አሉ፣ እሱ ብልጭታ ነው፣ እኔ ቻርጁን ቀስ አድርጎ የሚያፈስ 1 ኪሎ ኦም 5 ዋት ሬዚስታንስ አንድ ደቂቃ ያህል አስነክቼ በሜትር ዜሮ መሆኑን አይቼ ነው እጄን የምሰደው።

ሁለቱ ትላልቆች 6800 ማይክሮፋራድ 50 ቮልት ናቸው (ማይክሮፋራዱ የመያዝ አቅማቸው ነው፣ ቮልቱ የሚችሉት ጣሪያ)፣ አናታቸው አልተነፋ ምንም አላፈሰሱ፣ ተነቅለው ሲለኩ ግን አንዱ ከግማሽ በታች ነው የቀረው! ለዛ ነው ዓይቶ ደህና ነው ማለት የማይቻለው። የተካሁት በዛው ማይክሮፋራድ በ63 ቮልት ነው፣ ቮልቱ ከፍ ቢል ችግር የለውም ዝቅ ካለ ግን አይሆንም። ነጩ መስመር ያለበት ጎን ኔጌቲቩ ነው፣ ከተገለበጠ ይፈነዳል፣ ስለዚ ከመንቀሌ በፊት ቦርዱን ፎቶ አነሳሁ፣ አንዱን ነቅዬ አንዱን እየተካሁ ሄድኩ። መርካቶ ላይ ደሞ ትልቅ ጣሳ ውስጥ ትንሽ ኮንደንሰር የከተቱም ይገኛሉ፣ ሳላስለካ አልገዛም።

የመጀመሪያው ማብሪያ ላይ በቀጥታ አልሰካሁትም፣ ክር ያለው የድሮ አምፖል በመሀል በተከታታይ አስገባሁ፣ ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል እቃው ይድናል። አሁን እኮ ሁሉም ኤልኢዲ ስለሆነ አምፖሉን ማግኘት ራሱ ፍለጋ ነበር፣ በመጨረሻ ከጎረቤት ከዶሮ ማሞቂያ ላይ ተፈቶ መጣ። ቦግ አለና ወዲያው ደበዘዘ፣ ጥሩ ነው ማለት ነው።

አጎቴ ካሴቱን ሲከት ከበሮው ከነሙሉ ጉልበቱ መጣ፣ እምምም የሚለውም ጠፋ። «ጋሼ ቮሊዩሙን ቀስ ይበሉ» ብለው ማን ሰምቶኝ፣ ልጆቹ ራሳቸው መጥተው እስክስታ ወረዱ፣ የቆራሌውም ነገር በዛው ቀረ። ይሄን የመሰለ እቃ ለጥቂት ኮንደንሰር ብሎ መጣል በጣም ያሳዝነኛል፣ ትራንስፎርመሩም ትራንዚስተሮቹም ሙሉ ጤነኛ ናቸው።

የቮሊዩሙ ማዞሪያ ግን ሲዞር አሁንም ይንኮሻኮሻል፣ እሱ የኮንደንሰር ሳይሆን የአቧራ ጉዳይ ነው፣ ማጽጃ እስፕሬይ ማርቆስ ላይ አላገኘሁም። ከባህር ዳር ስመለስ ይዤልዎት እመጣለሁ ብዬ በነጋታው በደምበጫ ወደ ቡሬ ቀጠልኩ።