ከኢታካ ወዲያ ያለው መንገድ

ኪሪያ ዓይናቸው ከደከመ በኋላ ማታ ማታ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። አቴንስ፣ ኪፕሴሊ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፤ እሳቸው አልጋቸው ውስጥ፣ እኔ ራስጌያቸው ካለችው ወንበር ላይ። «ኪሪያ» ግሪኮች «እመቤት» ለማለት የሚጠሩበት ቃል ነው። ስማቸውን ትቼ ኪሪያ እንዳልኳቸው ዘጠኝ ዓመት አብረን ኖርን። ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት መምህርት ነበሩ። እዚያ አገር የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት የጀመረ ልጅ ሁሉ ኦዲሲያን፣ የኢታካው ኦዲሴዎስ ከጦርነት ወደ አገሩ ለመግባት የተንከራተተበትን የጥንቱን የሆሜር ረጅም ግጥም፣ በዛሬው ግሪክኛ ተተርጉሞ ይማራል። ኪሪያ ይህንኑ ከ30 ዓመት በላይ ለልጆች ሲያስተምሩ ኖረው በመጨረሻ ለእኔ አስተማሩኝ።

የመጀመሪያውን ስንኝ ግን በትርጉም አያስነብቡኝም። በጥንቱ ቋንቋ ራሳቸው በቃላቸው ይሉታል። «አንድራ ሚ ኤኔፔ፣ ሙሳ፣ ፖሊትሮፖን...» እጃቸው ከብርድ ልብሱ ይወጣል፣ ድምፃቸው የወጣት ሴት ይሆናል። ስለዚያ ሰው ንገሪኝ፣ ብዙ ስለዞረው፣ ብዙ ስለተንከራተተው እንደ ማለት ነው። እኔ ጎጃም፣ ቅኔ ቤት አጠገብ ነው ያደግኩት። ሰው በቃሉ የያዘውን ሲጀምር የሚመጣውን ዝምታ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ አቴንስ ውስጥ ዳግመኛ የሰማሁት በእኒያ ሴት አልጋ አጠገብ ነው።

የገባሁ ሰሞን፣ ግሪክኛዬ ገና ከዳቦ፣ ከውሃና ከመድኃኒት ሳያልፍ፣ «ያንቺ ሰዎች እኮ መጀመሪያው ገጽ ላይ አሉ» አሉኝ። የሚያሾፉብኝ መስሎኝ ነበር። እውነት ነው። ግጥሙ ሲጀምር የትሮያ ጦርነት ካበቃ ዓመታት አልፈዋል፤ ኦዲሴዎስ ግን ካሊፕሶ የምትባል፣ ኒምፍ የሚሏት የማትሞት የባሕር ሴት ደሴት ላይ ታግቶ ቀርቷል። መንገዱን የዘጋበት የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን ነው። ሌሎቹ አማልክት ተሰብስበው «ይበቃዋል፣ አገሩ ይግባ» ብለው ሊወስኑለት የቻሉት ፖሲዶን በዚያ ሰዓት ሩቅ አገር ለግብር ተጠርቶ ስለሄደ ነው። የሄደውም ኢትዮጵያውያን ዘንድ ነው፤ ከሰው ሁሉ ርቀው፣ ገሚሶቹ ፀሐይ በምትጠልቅበት፣ ገሚሶቹ በምትወጣበት የሚኖሩት ዘንድ። ሆሜር እንዲህ ሲል በዓለም ዳር የሚኖሩትን ፊታቸው የጠቆረ ሰዎች ማለቱ ነው እንጂ የዛሬዋን አገራችንን ድንበር ለክቶ አይደለም፤ ይህንንም ኪሪያ አልሸሸጉኝም። ቢሆንም ወለሉን ላጥብ በገባሁበት ቤት ስሜን መደርደሪያቸው ላይ አገኘሁት። ያን ዕለት ማታ ቀና ብዬ ተኛሁ።

እኛ ጀግና ስንል ወዲያው ፉከራና ቀረርቶ፣ ጎፈርና ጥይት ይታየናል። ሆሜርም በሌላው ግጥሙ፣ በኢሊያዳ፣ እንዲህ ያለውን አይነፍገንም። በዚህኛው ግጥም ግን ጀግናውን እስከ አምስተኛው ክፍል ድረስ ይደብቀውና በመጨረሻ ሲያወጣው ሰውየው የባሕር ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። ሰባት ዓመት ሙሉ እዚያ ድንጋይ ላይ! ምግቡ ሞልቷል፣ አልጋው ሞቋል፣ ካሊፕሶም «ከእኔ ጋር ብትቀር አታረጅም፣ አትሞትም» ብላዋለች። ሚስትህ በመልክ አትደርስብኝም ስትለው አይከራከራትም። እውነትሽን ነው፣ ፔኔሎፔ ሟች ናት፣ አንቺ አትሞቺም፣ ሆኖም እኔ በየቀኑ የምመኘው ቤቴን ነው ይላታል።

ይህን ያነበብኩ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔም አልተራብኩም ነበር፤ ኪሪያም ክፉ አልነበሩም። ግን የመኖሪያ ፈቃዴ ዓመታት ፈጅቶ ነበርና ከአገሩ ብወጣ መመለሻ አልነበረኝም። ጣሪያ ላይ ልብስ ሳሰጣ አየሩ ጥርት ያለ እንደሆነ በስተ ደቡብ ባሕሩ እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል። እርጥቡን አንሶላ እንደያዝኩ እዚያ ላይ ስንት ጊዜ ቆሜያለሁ። «ጠግባ እያደረች ምን አስለቀሳት» የሚል ሰው ይኖራል። ያ ሰው የካሊፕሶን ደሴት አያውቀውም።

ሆሜር ኦዲሴዎስን ደጋግሞ የሚጠራበት አንድ ቅጽል አለ፤ ፖሊትላስ። ኪሪያ ለማስረዳት ሲደክሙ እኔ አማርኛው ቶሎ መጣልኝ፤ ብዙ ቻይ። «ቻለ» የምንለው ነገር አቅሙም ትዕግሥቱም በአንድ ቃል የታሰረ ነው። ሰውየው ለማኝ መስሎ ገዛ ቤቱ በረንዳ ላይ ተኝቶ፣ ሚስቱን ካላገባን ብለው ሀብቱን ከሚያወድሙት 108 ጎረምሶች ጋር አንዳንዶቹ የቤቱ ገረዶች ሲሳሳቁ ይሰማል። ልቡ እንደ ውሻ ታጉረመርማለች። ደረቱን ይመታና «ቻዪ፣ ልቤ! ከዚህ የባሰውንም ችለሻል» ይላታል። ያለ ወረቀት በቆየሁባቸው ዓመታት ይህን ቃል በአማርኛ ለራሴ ያላልኩበት ቀን የለም።

በግጥሙ ያሉትን፣ ባለ አንድ ዓይኑን ግዙፍ፣ መርከበኞችን በዜማ የሚያጠፉትን ዘፋኞች፣ ስድስት ሰው በአንዴ የምትነጥቀውን ጭራቅ ልጆች ይወዷቸዋል፤ እኔ ቶሎ ቶሎ ነበር የማልፋቸው። የቆምኩት አሥራ አንደኛው ክፍል ላይ ነው።

ኦዲሴዎስ የአገሩን መንገድ ዕውሩን ነቢይ ቲሬስያስን ሊጠይቅ ወደ ሙታን አገር ይወርዳል። ጥላዎቹ የመሥዋዕቱን ደም ሊጠጡ ሲመጡ ከመሀላቸው እናቱን አንቲክሊያን ያያል። ወደ ትሮያ ሲሄድ በሕይወት ትቷት ነው። መሞቷን የሚያውቀው እዚያው፣ ሙታን መካከል ቆማ ሲያያት ነው። መርዶውን ያረዳችው ራሷ ሟቿ ናት ማለት ነው። እያለቀሰም ቢሆን ሰይፉን እንደያዘ አያስቀርባትም፤ አስቀድሞ ነቢዩን ስለ መንገዱ መጠየቅ አለበት። ከዚያ በኋላ ነው «ምን ገደለሽ? ረጅም ሕመም ነው ወይስ ድንገት?» የሚላት። ሕመም አይደለም ትለዋለች። አንተን ስናፍቅ ነው፤ ምክርህን፣ ደግነትህን ስናፍቅ ነፍሴ ወጣች። ሦስት ጊዜ ሊያቅፋት እጁን ዘረጋ፤ ሦስቱንም ጊዜ እንደ ጥላ፣ እንደ ሕልም ከእጁ ሾለከች።

የእኔ እናት ስትሞት ሁለት ወር ደበቁኝ። ስደተኛ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ስልክ ስደውል «ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች»፣ «ጎረቤት ልቅሶ አለ፣ እዚያ ነች»፣ «ጉንፋን ይዟት ተኝታለች፣ አትቀስቅሻት» ይሉኛል። ወንድሜ ድምፁ እየተሰበረ ስለ ዝናቡ ያወራኛል። መሄድ እንደማልችል ስለሚያውቁ ነው፤ አልቀየምኳቸውም። አንድ ቀን ገና ሳይነጋ ደወል ተደወለ። የከፈቱት ኪሪያ ናቸው። ሦስት የማኅበራችን ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በር ላይ ቆመዋል። ማንም አንዲት ቃል አልተናገረም። ነጠላው ነገረኝ።

ኪሪያ አማርኛችን አይገባቸውም፤ ለቅሶውን ግን ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። ከእኛ ጋር ወለሉ ላይ ተቀመጡ፣ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት። መርዶው በደረሰኝ በአርባኛው ቀን ጠዋት ስነሳ ወጥ ቤቱ በእንፋሎት ተሞልቷል። ስንዴ ቀቅለዋል። ግሪኮች ለሙታን መታሰቢያ የሚያዘጋጁት ነው፣ ኮሊቫ ይባላል፤ የተቀቀለውን ስንዴ ከዘቢብ፣ ከሮማን ፍሬና ከለውዝ ጋር ቀላቅለው፣ ላዩን በስኳር አልብሰው ቤተ ክርስቲያን ይወስዱታል። እኔ ድስቱን ከፍቼ ያየሁት ንፍሮ ነው። የእናቴ ንፍሮ፣ አቴንስ ውስጥ፣ በባዕድ እጅ ተቀቅሎ። አንድ እፍኝ ይዤ ትኩሱን፣ ሳልቀላቅለው በላሁ። ኪሪያ አላስቆሙኝም።

በማግሥቱ ማታ አሥራ አንደኛውን ክፍል እንደገና እንዳነብላቸው እኔው ጠየቅኋቸው።

ኪሪያ የተወለዱት ኢታካ ላይ ነው፤ በኦዲሴዎስ ደሴት። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1953 ኬፋሎኒያን፣ ዛኪንቶስንና ኢታካን ያፈራረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ። ብዙ ሰው ያን ጊዜ ደሴቶቹን ለቆ ተሰደደ። ታላቅ ወንድማቸው ሜልቦርን ሄደው እዚያው አረጁ፣ እዚያው ተቀበሩ። ግሪኮች ስደትን «ክሴኒትያ» ይሉታል፤ በዘፈናቸውም በልቅሷቸውም አለ። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ለምን ወለሉ ላይ አብረውኝ እንደተቀመጡ ገባኝ።

ፈቃዴ የደረሰ ዓመት በበጋው ኢታካ ወሰዱኝ። ቫቲ ወደብ ላይ የዘመዳቸው የእንጨት ጀልባ ተገልብጣ ቀለም ትቀባለች። ኪሪያ ጀልባዋ አጠገብ የተጋደመውን መቅዘፊያ አሳዩኝና «አንሺው። ትከሻሽ ላይ አድርጊው» አሉኝ። አንስቼ ተሸከምኩ። ከጠበቅሁት በላይ ይከብዳል፣ ጨውና ቀለም ይሸታል። የዘመዳቸው ልጅ ፎቶግራፍ አነሳኝ።

ነገሩ የቲሬስያስ ትንቢት ነው። ብዙ ሰው ግጥሙ ኦዲሴዎስ ቤቱ ሲገባ የሚያልቅ ይመስለዋል፤ እኔም ይመስለኝ ነበር። ነቢዩ ግን ቤትህ ከገባህ በኋላ እንደገና ትወጣለህ ብሎታል። መቅዘፊያ ተሸክመህ፣ ባሕርን የማያውቁ፣ ምግባቸውን ጨው የማይጨምሩበት ሰዎች አገር እስክትደርስ ትሄዳለህ። ምልክቱ ይህ ነው፤ መንገድ ላይ ያገኘህ ሰው ትከሻህ ላይ ያለውን አይቶ «ላይዳ ተሸክመሃል» ይልሃል። እዚያ መቅዘፊያውን መሬት ላይ ትከለው፣ ለፖሲዶን ሠዋ፣ ወደ ቤትህ ተመለስ። ከዚያ በኋላ ነው ሞት በእርጅናህ በቀስታ የሚመጣልህ። የጥንቱ ግሪክኛ ላይዳን የሚጠራው «እብቅ አጥፊ» ብሎ ነው። ኪሪያ ከተማ ያደጉ ልጆችን ስላስተማሩ ይህ መሣሪያ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ሁልጊዜ ሥዕል ይሥሉ ነበር። ለእኔ መሣል አላስፈለጋቸውም። እንዲያውም አውድማው ላይ ነፋስ ሲጠበቅ፣ ምርቱ ወደ ላይ ሲወረወር፣ እብቁ በአንድ ወገን ሲሄድ በእጄ አሳየኋቸው። «ጨው ግን እንበላለን» አልኳቸው። «አሞሌ የሚባል የጨው ገንዘብ ነበረን።» ሳቁና ሆሜር ተሳስቷል አሉ።

ፎቶግራፉን ከተማ ስንመለስ አሳተሙልኝ። «ለአባትሽ ስጪው፤ ምንም አትንገሪው» አሉኝ።

ከ13 ዓመት በኋላ አገሬ ገባሁ። ኦዲሴዎስን መርከበኞች እንደተኛ ኢታካ ላይ አውርደውት ሲነቃ የጥበብ አምላኳ አቴና አገሩን በጭጋግ ሸፍናበት ስለነበር አላወቀውም፤ «ደግሞ የማን አገር ነው የመጣሁት?» ብሎ አለቀሰ። አዲስ አበባን ሳይ ይህ ነገር ደረሰብኝ። የማውቀው ሰፈር የለም፤ የማውቀው መንገድ በሌላ መንገድ ላይ ያልፋል። ደብረ ማርቆስም እንደዚሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን የእግር መንገድ ስይዝ ግን እግሬ ራሱ አወቀው።

አባቴ ደጅ ላይ ቆሞ ነበር። ሲስመኝ አላወራም። ወዲያው ወደ ጓሮ ወሰደኝ፤ ልጅ ሆኜ «ይህ ያንቺ ነው» ብሎ የሰጠኝን ኮክ ሊያሳየኝ። የኦዲሴዎስ አባት ላኤርቴስ ልጁን «ምልክት ስጠኝ» ሲለው ልጁ በሕፃንነቱ የተሰጡትን ዛፎች ቆጠረለት፤ 13 ፒር፣ 10 ፖም፣ 40 በለስ፣ 50 ረድፍ ወይን። ሽማግሌው ጉልበቱ ከዳው። እኔ ያለኝ አንድ ኮክ ነው፣ እሱም ግማሹ ደርቋል። ደረቁን ቅርንጫፍ ይዤ ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ እናቴን፣ ሁሉንም።

ማታ እሳቱ ዳር ፎቶግራፉን ሰጠሁት። ወደ ብርሃኑ አቅርቦ ብዙ አየው። አባቴ ጣናን እንኳ በዓይኑ አላየም።

«ልጄ፣ ከባሕሩ ዳር ላይዳ ተሸክመሽ ምን ትሠሪያለሽ?» አለኝ። «እዚያም አውድማ አለ እንዴ?»

መልስ መስጠት አቃተኝ። ወጥቼ ኔትወርክ ከሚገኝበት ከኮኩ ሥር ሆኜ ለኪሪያ ደወልኩ። ቃሉን በአማርኛ፣ ቀጥዬ በግሪክኛ ነገርኳቸው። ለረጅም ጊዜ ትንፋሻቸው ብቻ ተሰማኝ።

«ተከልሽው?» አሉኝ።

በበሩ በኩል ወደ ውስጥ አየሁ። አባቴ በርጩማ ላይ ቆሞ ፎቶግራፉን ግድግዳው ላይ እየሰካው ነው።

«እናቴ አጠገብ» አልኳቸው።