ሲ ፕላሴ ላይ ይግባኝ ስል

ግሬድ ለተበላሸበት ልጅ ግቢ ውስጥ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ «ተዪው ባክሽ፣ መምህሩ ገና ሌላ ኮርስ ያስተምርሻል።» ሰቃዩም፣ ውጤቱ ወርዶ ዋርኒንግ ያለበትም ይህንኑ ነው የሚልሽ። የሚገርመው ይህን የምንባባለው የሕግ ተማሪዎች መሆናችን ነው። ነገ የሰው አቤቱታ እየጻፍን እንጀራ ልንበላ፣ ዛሬ የራሳችንን መጻፍ እንፈራለን። የሁለተኛ ዓመት የውል ሕግ ውጤቴ ሲ ፕላስ ሆኖ ሲመጣ እኔ አቤት አልኩ። እንዴት አደረግሽው የሚሉኝ ልጆች ስላሉ ልጻፈው።

ሚድ ላይ ጥሩ ነበርኩ። የጣለኝ ፋይናሉ ላይ የነበረው ረጅሙ ኬዝ ነው፤ ከ20 ተይዞ 6 ያገኘሁበት። ኬዙ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ቤቱን ይሸጣል። ውሉ በጽሑፍ ነው፣ ምስክሮችም ፈርመዋል፣ ውልና ማስረጃ ግን አልሄዱም። ገዢው ከፍሎ፣ ተረክቦ ይኖርበታል። ዓመታት ሲያልፉ የቤት ዋጋ ሰማይ ይነካል፤ ሻጩም «ውሉ አልተመዘገበም፣ ይፍረስልኝ» ብሎ ይከሳል። መሸጡን አልካደም። ብሩን መቀበሉንም አልካደም። ምን ትወስናላችሁ?

የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 ብቻ ላነበበ መልሱ ቀላል ነው፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት መደረግ አለበት፣ ይሄኛው አልተደረገም፣ አለቀ። የበታች ፍርድ ቤቶችን የሕግ ስህተት የሚያርመው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር ችሎትም ቀድሞ የሄደው በዚሁ መንገድ ነበር። በኋላ ግን ሻጩ መሸጡን እስካልካደ ድረስ አለመመዝገቡ ብቻውን ውሉን አያፈርሰውም ወደሚል አቋም መጣ። ከአምስት ያላነሱ ዳኞች ያሉበት ሰበር የሰጠው የሕግ ትርጉም ደግሞ፣ ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ጀምሮ፣ የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። አዋጁ በ1234/2013 ቢተካም ይሄ አልተቀየረም።

ሁሉንም ጻፍኩ። አንቀጹን፣ የሰበርን የቀድሞ አቋም፣ የኋላውን፣ ከዚያ ገዢው ያሸንፋል ብዬ ደመደምኩ። ወረቀቴ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈው ግን «1723!!» ብቻ ነው። ሌላ ቃል የለም። የደመደምኩበት መስመር ላይ ያለው ሰረዝ ከጀርባው በጣት ይዳሰሳል።

ይህን ያየሁት መጀመሪያ ወረቀቴን ለማየት ስለጠየቅኩ ነው። ብዙ ልጅ ይህችን ዘልሎ ነው ቀጥታ ዲን ጋ የሚሮጠው። ቢሮው ገብቼ «መምህር፣ ወረቀቴን ማየት ፈልጌ ነበር» አልኩት።

«ጨምርልኝ ልትዪ ነው?»

«አይ፣ የቱ ጋ እንደተቀነሰብኝ ላውቅ ነው።»

ልዩነት አለው። ጨምርልኝ የሚል ሰው ሲመጣበት የሚውል መምህር ጆሮው ደንዝዟል፤ እናቴ ታማለች፣ ዲስሚሳል ሆኜ ልባረር ነው፣ ሁሉንም ሰምቷል። የት ተቀነሰብኝ ስትዪው ግን ወረቀቱን ማውጣት ግድ ይሆንበታል። የሰበርን ውሳኔ ሳነሳበት «እኔ የፈለግኩት መልስ እሱ አይደለም» አለኝ። ሞዴል አንሰር ይኖር እንደሆነ ጠየቅኩት። «እዚህ ውስጥ ነው» አለና ጭንቅላቱን በጣቱ ነካ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን አንቀጽ 182 ፍርድ ጭብጡን፣ ውሳኔውንና ምክንያቱን መያዝ አለበት ይላል። እኛ ግን ምክንያት የሌለው ፍርድ በየሴሚስተሩ ተቀብለን እንወጣለን።

ከዚያ አቤቱታው። ተማሪ አቤቱታ ሲጽፍ ስለ እኩልነት በሚናገረው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ይጀምርና በአድልዎና በቂም በቀል ይጨርሳል። የእኔ አንድ ገጽ ነበር። የጥያቄው ቁጥር፣ የተያዘለት ነጥብ፣ ያገኘሁት፣ የጻፍኩት መልስ ባጭሩ፣ መልሴ የሚደገፍበት ሕግና የሰበር ውሳኔ። ስለ መምህሩ ጠባይ አንድም ቃል የለም። የምጠይቀውም ያ ጥያቄ ብቻ በሌላ መምህር እንዲታረምልኝ ነው፤ ቢ ይሰጠኝ ወይም ኤ ይገባኛል አላልኩም። ያዳነኝ ግን ያያያዝኩት የኮርስ አውትላይን፣ የትምህርቱ ዝርዝር እቅድ፣ ይመስለኛል። መምህሩ ራሱ ሴሚስተሩ ሲጀመር ያደለን ነው፤ ንባብ ከተባሉት መካከል የሰበር ውሳኔዎች በግልጽ ተዘርዝረዋል። አንብቡ ብሎ የሰጠውን አንብቤ በመጻፌ ነጥብ ሊያስቀንሰኝ አይችልም። አውትላይናችሁን አትጣሉ።

የጓደኛን ወረቀት ግን ማስረጃ አታድርጉ። «ውሉ ፈራሽ ነው» ብላ በአንድ አንቀጽ ጨርሳ 15 ያገኘች ልጅ አውቃለሁ፣ ስሟን ብጠራ ነጥቤ ይጠነክር ነበር። ግን እኔን ከፍ ያደርገኛል ወይስ እሷን ዝቅ ያደርጋታል ማን ያውቃል?

ስለ ጊዜው ደግሞ፤ በፍትሐ ብሔር ይግባኝ 60 ቀን አለ ብለን ስለተማርን እዚህም ያለ ይመስለናል። የለም። የግሬድ ቅሬታ ጊዜው በየዩኒቨርሲቲው መተዳደሪያ ደንብ፣ በሴኔት ሌጅስሌሽኑ፣ የተወሰነ ነው፣ አጭር ነው፣ ብዙ ጊዜም ተማሪው ለእረፍት ወደ ቤተሰቡ በሄደበት ሰሞን ነው የሚያልፈው። እኔ ከተማው ውስጥ አክስቴ ቤት ስለቀረሁ ነው የደረስኩበት። የዲፓርትመንቷ ጸሐፊ ወረቀቴን ተቀብላ ልሄድ ስል «ልጄ፣ ኮፒሽ ላይ ማኅተም ሳላሳርፍበት የት ትሄጃለሽ? ነገ ጠፋ ብልሽ ምን ትዪኛለሽ?» ብላ መለሰችኝ። እውነቷን ነበር፤ ሲጠፋ ሁለተኛ ቀን አልፈጀበትም። ማኅተም ያለበትን ኮፒ ይዤ ተመለስኩ።

ሁለት መምህራን ያሉበት ኮሚቴ አየው። 6ቷ 14 ሆነች፣ ግሬዱ ቢ። ሙሉ ድል አይደለም። ለክፍል ተሳትፎ ከ10 የተሰጠኝን 4 ማንም ሊነካው አልቻለም፣ ምክንያቱም ምንም መዝገብ የለውም። ማን ተናገረ፣ ማን ዝም አለ፣ ከመምህሩ ትዝታ ሌላ ማስረጃ የለም። የተጻፈ ነገር ላይ ይግባኝ ይባላል፣ ትዝታ ላይ በምን ይባላል? የመልስ ወረቀታችን በስማችን ፋንታ በኮድ ቢገባና ከፈተናው በፊት የማረሚያ መመሪያ ቢዘጋጅ ግማሹ ቅሬታ ይቀር ነበር፤ ብር የሚያስወጣ ነገርም አይደለም።

መምህሩ ሰላምታው ቀዝቅዟል። በዚህ ሴሚስተርም ያስተምረናል፣ እንደፈሩት። ሚዱን ግን በአግባቡ አርሞልኛል፣ ይሄን ልመሰክርለት ይገባል። የተሳትፎዋን ነገር ደግሞ በራሴ መንገድ ይዣታለሁ፤ ክፍል ውስጥ በተናገርኩ ቁጥር ቀኑንና የተናገርኩትን ደብተሬ ጀርባ ላይ እጽፋለሁ። ቀለሜ በሉኝ።