ዓይኔን ጠብቅልኝ ብዬው ነበር

ስሜን አልጠቅስም፤ ፈጣሪ ያውቀዋል። የምኖረው ድሬዳዋ ነው። ቀፊራ አጠገብ ልብስ እሰፋለሁ፤ ልጆቼን ያሳደግኩትም በዚሁ ነው። በ1997 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር ከሞት አፍ የተመለስን ብዙ ነን። እኔ አንዷ ነኝ። መድኃኒቴን ሳላዛንፍ እወስዳለሁ፤ የቫይረሱ መጠንም በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ ደርሷል። ዓይኔን ሲያመኝ ያን ያህል የደነገጥኩት ለዚህ ነው። ደህና ነኝ ብዬ በተቀመጥኩበት ነው የመጣብኝ።

መጀመሪያ አሸዋ የገባብኝ መስሎኝ ነበር። ድሬ ላይ ነፋስና አቧራ መቼ ይጠፋል? የእኔ ግን አልለቅ አለ። ጠዋት የዓይኔ ቆብ ተጣብቆ ያድራል። ረፋድ ላይ ይቆጠቁጠኛል። ከሰዓት ሙቀቱ በርትቶ ቬንቲሌተሩ ፊቴ ላይ ሲነፋ፣ እንባዬ በምሰፋው ጨርቅ ላይ ዱብ ዱብ ይላል። ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት አቃተኝ። የጎረቤት ልጅ እየጠራሁ «እስቲ አስገቢልኝ የኔ እናት» ማለት ጀመርኩ።

ቫይረሱ ዓይኔ ላይ ወጣ ብዬ ደመደምኩ። ዓይኗ የጠፋ የማኅበራችን እህት ነበረች፤ እሷ ናት ፊቴ ላይ ድቅን የምትለው። ሌሊት ከገብርኤል ሥዕል ፊት ቆሜ አለቀስኩ። «ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣህ አማልደኝ። ጌታ ሆይ፣ ዓይኔን ጠብቅልኝ። የምበላው በእጄ ነው፣ እጄን የሚመራው ዓይኔ ነው» አልኩ። ዓይኔ ከተረፈልኝም ለቁልቢ መጋረጃ በእጄ ሰፍቼ ላስገባ ተሳልኩ።

በዚያው ሰሞን ሙስሊሟ ጎረቤቴ «አቦ ልጄ፣ አላህ ያሽርሽ» እያሉ፣ የዓይን ሞራ ከተገፈፉ በኋላ የተረፋቸውን ጠብታ ይዘውልኝ መጡ። በፍቅር ነው ያመጡት። አመስግኜ መለስኩላቸው። እንዲህ ያለ ጠብታ ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ የሚባል፣ ቁጣን የሚያበርድ መድኃኒት አለበት። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከተጠቀሙበት የዓይን ግፊት ሊጨምር ይችላል፤ ሄርፒስ የሚባል ቫይረስ የያዘውን ዓይን ደግሞ ያባብሰዋል።

መልሱ የመጣው መድኃኒቴን ልወስድ በሄድኩበት ቀን ነው። የምትከታተለኝ ነርስ ካርዴን ከማየቷ በፊት ፊቴን አየች። «ዓይንሽ ምን ሆነ?» አለችኝ። እኔ አፌን አልከፈትኩም ነበር። እጄን ይዛ ዓይን ክፍል ወሰደችኝ። ይህን ያደረገው እግዚአብሔር ነው እላለሁ፤ ማንም ከዚህ አያነቃንቀኝም።

ሐኪሙ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ በታችኛው የዓይኔ ቆብ ጠርዝ ላይ አንጠለጠለልኝና ለ5 ደቂቃ ዓይኔን አስጨፈነኝ። ጤናማ ዓይን ከወረቀቱ 10 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ያረጥባል። የእኔ 5 እንኳ አልሞላም። ከዚያ ብሌኔን የሚያሰፋ ጠብታ ጨምሮ ሬቲናዬን፣ ብርሃን የሚቀበለውን የዓይኔን የውስጥ ሽፋን፣ በመብራት አየ። እኔ በልቤ አባታችን ሆይ እላለሁ። «እህቴ፣ ውስጡ ንጹሕ ነው። የዓይን ድርቀት ነው» አለኝ።

«እንባዬ እየፈሰሰ እንዴት ደረቀ ይሉኛል?» አልኩት። ዓይን ሲደርቅ ይቆጣል፣ ሲቆጣ ውኃ ይለቃል፤ ውኃው ግን ቅባት ስለሚያንሰው ዓይን ላይ አይቆይም አለኝ። ቫይረሱ በደማችን ያለ ሰዎች ላይ የእንባ ዕጢ ሊቆጣ እንደሚችል፣ መድኃኒታችንን በሥርዓት ብንወስድም ድርቀቱ ሊያገኘን እንደሚችልም አስረዳኝ።

ሰው ሠራሽ እንባ አዘዘልኝ። ማታ ማታ ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ቆቤ ላይ አደርጋለሁ። ቬንቲሌተሩን ወደ ጎን አዞርኩት። ባጃጅ ስሳፈር መነጽር አደርጋለሁ። ስሰፋ ዓይኔን ማርገብገብ እንዳልረሳ ራሴን አስታውሳለሁ። ቀስ በቀስ ቁጥቁጥታው ለቀቀኝ፤ ክሬንም ራሴ ማስገባት ጀመርኩ። ጠብታው አሁንም ከቦርሳዬ አይጠፋም። ጸበሌንም አልተውኩም። አቡነ ጳውሎስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው አስተምረውናል።

ስለቴን ለታኅሣሥ 19 አደረስኩ። ቀይ ከፋይ ነው፤ መስቀሉን በወርቅማ ክር በእጄ ጠለፍኩት።

ይህን በማኅበራችን ስመሰክር አንዲት እህት ቀስ ብላ ጠራችኝ። ዓይኗ ፊት እንደ ዝንብ የሚንሳፈፍ ጥቁር ነገር ታያለች፤ ስለማያማት ዝም ብላለች። መድኃኒቷንም አቋርጣ ነበር። ሲዲፎር የሚባለው፣ በሽታ የመከላከል አቅማችንን የሚያሳየው ቁጥር፣ ከ50 በታች ሲወርድ ሳይቶሜጋሎ የሚባል ቫይረስ ሬቲናን ሊያጠፋ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም። አልማዝ ባለጭራ ግንባርና አፍንጫ ላይ ሲወጣም ለዓይን ያሰጋል። በነጋታው ይዣት ሄድኩ፤ ሕክምናዋን ጀምራለች። ስሟን እግዚአብሔር ያውቀዋል፤ በጸሎታችሁ አስቧት።