ሜዲስን ቦል ለጎልፍ ስዊንግ፦ ክብደቱን ቀንሱ፣ ፍጥነቱን ጨምሩ

ለጎልፍ ብለው ሜዲስን ቦል፣ ማለትም ለስፖርት ልምምድ የሚወረወረውን ከባድ ኳስ፣ ከሚሠሩ ሰዎች ብዙዎቹ ባለ 6 ወይም ባለ 8 ኪሎውን ያነሱና ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብለው፣ እግራቸውን ከመሬት ከፍ አድርገው፣ ኳሱን ከግራ ቀኝ ሠላሳ አርባ ጊዜ ያመላልሱታል። ሆድ ይቃጠላል፣ ላብ ይወርዳል፤ በድራይቨር፣ ማለትም ኳሱን ሩቅ ለመምታት በሚያገለግለው ረጅም ዱላ፣ የመቱት ኳስ ግን ከበፊቱ አይርቅም። ልፋት ጎድሏቸው አይደለም፣ የመረጡት እንቅስቃሴ ነው የማይሆነው። ይህ እንቅስቃሴ ድካም መቋቋምን ያስተምራል፤ ስዊንግ፣ ማለትም ኳሱን ለመምታት ዱላውን መወንጨፍ፣ የሚፈልገው ደግሞ ኃይልን በቅጽበት መልቀቅን ነው።

ዱላው ከላይ ተነሥቶ ኳሱን እስኪመታ ድረስ የሚፈጀው በግምት ሩብ ሴኮንድ ነው። ድራይቨር ደግሞ ሙሉ ክብደቱ 300 ግራም ገደማ ነው። በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ አንድ ተራ ወንድ አማተር የዱላውን ጫፍ በሰዓት ወደ 150 ኪሎ ሜትር ያደርሰዋል፤ የፒጂኤ ቱር (የአሜሪካ ዋናው የባለሙያዎች የጎልፍ ውድድር) ተጫዋቾች አማካይ ከ180 በላይ ነው። ይህ ፍጥነት በሰዓት በ1 ማይል (1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ) ብቻ ሲጨምር ኳሱ ከ2 ሜትር በላይ ተጨማሪ ይሄዳል፣ በደንብ እስከተመታ ድረስ። 8 ኪሎ ይዞ ቀስ እያለ የሚዞር ጡንቻ ወደዚያ ፍጥነት የሚወስደው መንገድ የለውም።

ኃይሉ ከየት እንደሚመጣም መታወቅ አለበት። መነሻው እግር ነው፤ መሬቱን ይገፋል። ከዚያ ዳሌ ይዞራል፣ ደረት ይከተላል፣ ቀጥሎ ክንድ፣ በመጨረሻ ዱላው። አንዱ ፈጥኖ ይዞርና ቆም ሲል ፍጥነቱን ለቀጣዩ ያስረክባል። ኮር የምንለው፣ ማለትም ሆድ፣ ጎን፣ ታችኛው ጀርባና መቀመጫ፣ በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ትልቁ ሥራው ማስተላለፍ ነው። ልል ከሆነ እግር ያመነጨው ኃይል ወገብ ላይ ይቀራል። አምስቱ የወገብ አከርካሪ አጥንቶች አንድ ላይ ሆነው እንኳ ወደ አንድ ጎን የሚዞሩት በግምት 10 ዲግሪ አካባቢ ብቻ ነው። ትልቁ ዙር የሚገኘው ከዳሌ መገጣጠሚያና ከላይኛው ጀርባ ነው። ቁጭ ብሎ መጠማዘዝ ዳሌን አስሮ ይህን ሁሉ ወገብ ላይ ይጭናል፤ ስለዚህ ጥቅሙ ማነሱ ብቻ ሳይሆን ወገቡ ለሚያመው ተጫዋች ጉዳትም አለው።

የኳሱን ክብደት በተመለከተ፣ ለአብዛኛው ሰው ከ2 እስከ 3 ኪሎ በቂ ነው። ጠንካራና ልምድ ያለው ወንድ 4 ኪሎ ድረስ ሊሄድ ይችላል። ለታዳጊዎችና ገና ለሚጀምሩ ሴቶች ከ1 ተኩል እስከ 2 ኪሎ እመርጣለሁ። መለኪያው ቀላል ነው፦ ስትወረውሩት ኳሱ እየጎተተ ከቆማችሁበት ካወዛወዛችሁ፣ ወይም ከእጃችሁ ሲወጣ ተወንጭፎ ሳይሆን ተገፍቶ የሚሄድ ከመሰለ ከብዷችኋል።

ዓይነቱም ይለያያል። ጠንካራው የጎማ ኳስ ከግድግዳ በኃይል ይመለሳል፤ በአንድ ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ ፊት የሚመታው እሱ ነው። አሸዋ የተሞላውና የማይነጥረው መትቶ እግር ሥር ይወድቃል፣ ለጀማሪ የሚሻለው ይህ ነው። ተገዝቶ የማይገኝበት ቦታ ያላችሁ በአሮጌ ኳስ መሥራት ትችላላችሁ፣ ግን ሒሳቡን ልብ በሉ። ትልቁ የቅርጫት ኳስ 7 ሊትር ያህል ስለሚይዝ በአሸዋ ጢም ብሎ ከሞላ ከ10 ኪሎ ይበልጣል። በግማሽ ከተሞላ ደግሞ አሸዋው ውስጥ ለውስጥ እየተንሸራተተ ውርወራውን ያበላሸዋል። የሚያዋጣው 2 ኪሎ ደረቅ አሸዋ በሁለት ወፍራም ፌስታል አጥብቆ አስሮ ኳሱ መሀል ማድረግ፣ ዙሪያውን በጨርቅ ቁርጥራጭ ጠቅጥቆ መሙላትና የተቀደደውን በጫማ ሰፊ ክር መስፋት ነው። ስፌቱን በየጊዜው ተመልከቱ።

ግድግዳው ደግሞ የኮንክሪት ወይም የድንጋይ ይሁን። የብሎኬት አጥር በተደጋጋሚ ሲመታ መጀመሪያ ልስኑ ይረግፋል፣ ቀጥሎ ብሎኬቱ ይሰነጠቃል። በጂፕሰምና በችፑድ የተከፈለ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አትሞክሩት። ግድግዳ ከሌለ ሜዳ ላይ ወደ ፊት መወርወርና እየሄዱ ማንሣት ይቻላል፤ እንዲያውም ርቀቱን በእርምጃ መለካት ስለሚያስችል ለብዙ ሰው የተሻለ ነው።

ዋናው እንቅስቃሴ የጎን ውርወራ ነው። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህ አይቅር። ለቀኝ እጅ ተጫዋች እገልጻለሁ፤ ግራኞች ገልብጡት። የግራ ትከሻችሁ ወደ ግድግዳው እንዲሆን አድርጋችሁ ከግድግዳው 2 ሜትር ያህል ራቁ። እግራችሁ ከትከሻ ትንሽ ይስፋ፣ ጉልበት ለስለስ ይበል፣ ድራይቨር እንደምትይዙት ከዳሌ ዘንበል በሉ። ኳሱ እምብርት ፊት ለፊት፣ ክርኖች ትንሽ የታጠፉ፣ የቀኝ መዳፍ ከኳሱ ኋላ፣ የግራው ከሥር። ግድግዳው ላይ በእምብርታችሁ ከፍታ በጠመኔ ምልክት አድርጉ።

አሁን ኳሱን ወደ ቀኝ ዳሌ ውሰዱት። ክብደቱ በቀኝ እግር ውስጠኛ ጎንና ተረከዝ ላይ ሲያርፍና የቀኝ የኋላ ኪሳችሁ ወደ ኋላ ሲሄድ ይሰማችሁ። ቁም ነገሩ የሚቀጥለው ቅጽበት ነው፦ ኳሱ ገና ወደ ኋላ እየሄደ ሳለ የግራ እግር መሬቱን መጫን ይጀምራል። ታችኛው አካል ወደ ፊት፣ ላይኛው ገና ወደ ኋላ፤ በዚህ መሀል የሆድና የጎን ጡንቻዎች ይወጠራሉ፣ ኃይሉም የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ኋላ ላይ ቆም ብሎ አስቦ የሚወረውር ሰው ይህን ውጥረት ያባክነዋል። ከዚያ የግራ ጉልበት ይቀናል፣ ዳሌ ይዞራል፣ ደረት ይከተላል፣ እጅ መጨረሻ ይመጣል። ስትጨርሱ የቀበቶ ዘለበታችሁ ግድግዳውን ያያል፣ የቀኝ ተረከዝ ከመሬት ተነሥቷል፣ ክብደታችሁ በግራ ተረከዝ ላይ ነው። ሲለቀቅ አጭር ትንፋሽ አውጡ፤ ትንፋሽ መያዝ ትከሻን ያደርቃል።

ኳሱ የሚያርፍበት ቦታ ስሕተታችሁን ይነግራችኋል። ከምልክቱ አልፎ መጀመሪያ ደረታችሁ ወደነበረበት አቅጣጫ ካዘነበለ ቀድማችሁ ለቃችሁታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ እጅ ከዳሌ መቅደሙ ነው። ወደ ጀርባችሁ በኩል ከሄደ ዘግይታችኋል፣ ወይም ዳሌው ቆሞ እጅ ብቻ ተጎትቷል። ወደ ላይ ከወጣ ደረታችሁ ወደ ኋላ ተንጋሏል። ይኼኛው ስዊንግ ላይም ያለ ችግር ስለሆነ ችላ አትበሉት።

ሌላው የተለመደ ጥፋት ዳሌው በመዞር ፈንታ መንሸራተቱ ነው። የግራ ዳሌ ከግራ እግር ውጭ ካለፈ የሚደገፍበት ስለማይኖረው ፍጥነቱ ለደረት አይተላለፍም። ከግራ ዳሌ አንድ መዳፍ ርቀት ላይ የወንበር መደገፊያ አቁሙ፤ ስትወረውሩ ከተነካ ተንሸራታችኋል ማለት ነው። የቀኝ ተረከዝ መሬት ላይ ተጣብቆ መቅረትም እንዲሁ መጥፎ ነው፤ ዳሌው መዞር ሲያቅተው መጠማዘዙ ወደ ጉልበትና ወደ ወገብ ይሄዳል። የጎማ ኳስ የምትጠቀሙ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተመላሹን አትያዙ፣ ይውደቅ። እየተመለሰ ያለ 3 ኪሎ በተጠማዘዘ ወገብ መቀበል ሳይዘጋጁ የሚደፈር አይደለም።

ዳሌና ደረትን ለይቶ ማንቀሳቀስ የሚያስቸግረው ሰው በአንድ ጉልበት ተንበርክኮ ይጀምር። ለግድግዳው የቀረበው እግር ከፊት ቆሞ፣ የራቀው ጉልበት መሬት ላይ፣ ከሥሩ ፎጣ። የመሬት ላዩን ጉልበት በያዘው በኩል መቀመጫውን ጠበቅ አድርጉ፤ ዳሌው እንዳይወዛወዝ የሚይዘው እሱ ነው። እዚህ እግር ስለማይረዳ ላይኛው ጀርባ ምን ያህል እንደሚዞር በግልጽ ይታያል። ወደ ግድግዳው መውደቅ ከመጣ ክብደቱን ወደ 2 ኪሎ አውርዱ። ጎኑን ሳያጋድል መወርወር የቻለ ወደ ቁሙ ይመለስ፣ ለዓመታት ተንበርክኮ የሚቀር ሥራ አይደለም።

የጎን ውርወራው ሲበስል እርምጃ ይጨመርበታል። እግሮቻችሁን አቀራርባችሁ ጀምሩ፤ ኳሱ ወደ ኋላ ሲሄድ የግራ እግር ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ግድግዳው ይራመዳል። እግሩ መሬት ሲነካ ኳሱ ገና ኋላ መሆን አለበት። አብረው ከመጡ እርምጃው ትርጉም የለውም፤ ቀስ አድርጋችሁ ጊዜውን አስተካክሉ።

ኳሱን ከራስ በላይ አንሥቶ መሬት ላይ መምታትም ይጠቅማል፤ ሆድ በፍጥነት እንዲኮማተር ያስተምራል። ወደ ታች ስትመጡ ከዳሌ ታጠፉ እንጂ ጀርባችሁን አታጉብጡ፣ ኳሱም የማይነጥረው ይሁን። ሜዳ ያላችሁ ደግሞ ከጉልበቶቻችሁ መሀል ወደ ላይ ወርውሩት፤ የፊተኛው እግር በምቱ ሰዓት መሬትን ወደ ታች ገፍቶ የሚቀናውን ኃይል የሚያዳብረው ይህ ነው። ወርውራችሁ ከሥሩ ዘወር በሉ።

በሳምንት 2 ቀን ይበቃል፣ በመካከሉ ቢያንስ 48 ሰዓት። ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ዳሌና ላይኛ ጀርባ ካሟሟቃችሁ በኋላ ተንበርክኮ 2 ሴት (set፣ ማለትም ሳያርፉ በተከታታይ የሚሠራ ዙር)፣ ቆሞ 3 ሴት፣ በየሴቱ በእያንዳንዱ ጎን 5 ውርወራ፤ በመጨረሻ መሬት መምታት 2 ሴት በ5። በድምሩ 60 ውርወራ ነው። በሴቶቹ መካከል ከ90 ሴኮንድ እስከ 2 ደቂቃ እረፉ። ብዙ ሰው ይህን እረፍት ጊዜ ማባከን አድርጎ ያየዋል፣ ግን ሳያርፉ የተወረወረ ኳስ ቀርፋፋ ኳስ ነው። ከክብደት ሥራ ጋር በአንድ ቀን ከሆነ ውርወራው ይቅደም። ሁለቱንም ጎን መሥራት ግዴታ ነው፤ ስዊንግ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ስለሆነ ሌላው ጎን ማቆሙን፣ ማለትም ፍሬኑን፣ ይማርበታል። በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ሙሉ ኃይል አትጠቀሙ፤ ከ3ኛው ጀምሮ እያንዳንዷ ውርወራ በሙሉ አቅም ትሁን፣ እርምጃውን በ4ኛው ጨምሩ፣ 7ኛው ሳምንት ላይ ብዛቱን በግማሽ ቀንሱ።

እድገታችሁን በስልክ መለካት ትችላላችሁ። ስሎ ሞሽኑን በሴኮንድ 240 ምስል ላይ አድርጋችሁ ከጎን ቅረጹ። ኳሱ ከእጅ ከወጣበት እስከ ግድግዳው ያለውን ርቀት በሜትር ለኩ፣ ያንን በ240 አባዙና በመካከሉ በተቆጠሩት ምስሎች አካፍሉ። ርቀቱ 2 ሜትር ሆኖ 60 ምስል ከፈጀ ፍጥነቱ በሴኮንድ 8 ሜትር ነው፤ 48 ከሆነ 10 ሜትር። በአንድ ሴት ውስጥ 48 የነበረው 53 ከደረሰ ፍጥነቱ ወደ 10 በመቶ ወርዷል፣ ሴቱን እዚያው አቁሙ። ክብደት የሚጨመረው ፍጥነቱ ለ2 ሳምንት ሳይዋዥቅ ሲቆይ ነው፣ ያውም በግማሽ ወይም በአንድ ኪሎ። የድራይቨር ርቀት ብቻውን ያሳስታል፤ ከዋሽንግተን ሄዶ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ የሚጫወት ሰው ኳሱ በሳሳው አየር ምክንያት ስለሚርቅ ጠንክሬያለሁ ብሎ ሊያስብ ይችላል።

ወደ እግር የሚወርድ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ ወይም በብሽሽት በኩል የሚወጋ ነገር ካለ ውርወራውን አቁማችሁ ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ሂዱ። የቆየ የዲስክ ችግር ወይም የሆድ ቡአ ያለበት ሰው ሳይታይ መጀመር የለበትም።

የውድድር ቀን ሲደርስ ሙሉው ሥራ ከ2 ቀን በፊት ይለቅ። በዕለቱ ከመጀመሪያው ምት በፊት በ2 ኪሎ ኳስ በእያንዳንዱ ጎን 3 ወይም 4 ውርወራ፣ ከሙሉ አቅም በታች፣ ከዚያ 5 ደቂቃ ያህል አርፎ ወደ ሜዳ።